ጀበናው ለምን ነቃ? ስለ ሸክላ ሥራ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሸክላ ሥራ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ስለ እሳቱ ቢጠይቁም መልሳችን ደጋግሞ ወደ አፈሩና ወደ ማድረቂያው ይመለሳል። ዕቃው የሚሰበረው እሳት ላይ ይሁን እንጂ፣ የስብራቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሳምንት በፊት ጭቃው ውስጥ የገባ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጓሮዬ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ለጀበና ይሆናል? ካልሆነስ ጥሩ የሸክላ አፈር በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይሆንም። መሬትዎ ላይ የሚያዩት ንቃቃት ራሱ መልስ ነው። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ በዚያው ልክ ይኮማተራል፤ መሬቱን የሰነጠቀው ኃይል ጀበናውንም አይምረውም። ሆኖም አይናቁት። አሸዋ የበዛበትና አልታዘዝ ያለ ቀይ ወይም ግራጫ አፈር ሲያጋጥምዎ ከ10 እጁ 1 ወይም 2 እጅ ዋልካ ቢቀላቅሉበት ጭቃው ይለጠጣል። ሸክላ ሠሪዎቻችን ከተለያየ ቦታ ያመጡትን ሁለትና ሦስት ዓይነት አፈር የሚያደባልቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ መለጠጥን፣ ሌላው ጥንካሬን ያዋጣል።

አፈሩን የወንዝ ዳር ተቆርሶ በታየበት፣ ምንጭ አጠገብ፣ ወይም መንገድ ሲቆረጥ በተገለጠ ግድግዳ ላይ ይፈልጉ። ሥርና ብስባሽ ያለበትን የላይኛውን ግማሽ ሜትር ያህል ገፍፈው ከሥሩ ያለውን ይውሰዱ። ከላይ ወደ ታች ይቆፍሩ እንጂ ግድግዳውን ከሥሩ እየቦረቦሩ በፍጹም አይግቡ። አፈር ተንዶ ሰው የሚቀብረው እንዲህ ሲቆፈር ነው።

ብዙ አፈር ተሸክመው ከመምጣትዎ በፊት አንድ እፍኝ ወስደው ይፈትኑት። በመጀመሪያ ጭቃውን በእርሳስ ውፍረት እንደ ገመድ አሽተው ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት። ሳይሰነጠቅ ከዞረ መለጠጡ በቂ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ከተላጠ በማሳደር ይሻሻላል፤ ከተቆራረጠ አሸዋው በዝቷል። ቀጥሎ መኮማተሩን ይለኩ። 14 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 4 ሳ.ሜ ስፋትና 1 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የጭቃ ጣውላ ሠርተው፣ ላዩ ላይ ልክ 10 ሳ.ሜ የሆነ መስመር በቢላ ይጫሩ። ጥላ ውስጥ በደንብ ሲደርቅ መስመሩን እንደገና ይለኩት። 9.4 ሳ.ሜ ከሆነ አፈሩ በመቶ 6 ተኮማትሯል ማለት ነው። ከ5 እስከ 8 ጥሩ ነው። በመቶ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ገል (የተፈጨ የሸክላ ስባሪ) ይፈልጋል፣ ወይም ሌላ አፈር ይፈልጉ። በመጨረሻም የደረቀ አፈር አድቅቀው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ አውጥቶ ከተንቸረቸረ ኖራነት ያለው ድንጋይ አለበት። የዚህን ጣጣ ከባሕር ዳር ለመጣው ጥያቄ በሰጠነው መልስ ያገኙታል።

አፈሩ ፈተናውን ካለፈ አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ውሃ ከመጨመርዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ክው ብሎ የደረቀ ጓል ውሃ ሲነካው ወዲያው ይፈርሳል፣ ግማሽ እርጥብ የሆነው ግን ለቀናት ተዘፍዝፎም እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ወቅጠው ለ3 ቀን ይዘፍዝፉት፣ እንደ አጥሚት ሲቀጥን በወንፊት ያጥልሉት፣ ሲረጋ ከላይ የጠለለውን ውሃ ያፍሱ። ዝቃጩን አሮጌ ምጣድ ወይም ወፍራም ጨርቅ ላይ አስጥተው እጅ መያዝ ሲተው ይሰብስቡት። በላስቲክ ጠቅልለው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያሳድሩት። የሰነበተ ጭቃ ይለሰልሳል፤ ውሃው እያንዳንዷን ቅንጣት ለመክበብ ጊዜ ያገኛልና።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነው። ጀበና ስሠራ ገና ሳይቃጠል አንገቱና ሆዱ የሚጋጠሙበት ዙሪያውን ይነቃል። እጀታውም አንዳንዴ ለብቻው ወድቆ ይገኛል። ጭቃዬ ጥሩ እንደሆነ ነግረውኛል።

መልስ፦ ጭቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ገል ግን ስለመጨመርዎ አልነገሩንም። ንጹሕ ጭቃ እጅ ላይ ደስ ይላል፣ ሲደርቅ ግን ብዙ ይኮማተራል፣ እርጥበቱም የሚወጣበት ቀዳዳ አያገኝም። ከተሰበረ ሸክላ የተፈጨ ገል አንድ ጊዜ እሳት ስላየ ዳግም አይኮማተርም። በጭቃው መካከል ሆኖ ለእርጥበት መውጫ ይከፍታል፣ የጀመረ ስንጥቅም ቅንጣቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዕቃው ኋላ ምድጃ ላይ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዲችል የሚያደርገውም እሱው ነው።

የተሰበረ ጀበና፣ ድስት ወይም ምጣድ በሙቀጫ ይውቀጡ። ሲሚንቶ ወይም ኖራ የተለጠፈበትን ስባሪ ይተዉት። ለጀበና ቅንጣቱ ከስኳር አይብለጥ፣ ማለትም እስከ 1 ሚ.ሜ፤ ለምጣድና ለትልቅ ድስት እስከ 2 ሚ.ሜ ይሆናል። ልኩ በጣሳ ቢሰፈር ለጀበና 3 ጣሳ ጭቃ ለ1 ጣሳ ገል፣ ለምጣድ 2 ለ1 ነው። ሲወቅጡ ውሃ ርጭት ያድርጉበት፣ አፍና አፍንጫዎንም በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው። በገል ፋንታ የወንዝ አሸዋ የሚጨምሩ አሉ፤ ለአበባ ማስቀመጫ ይበቃል፣ እሳት ላይ ለሚውል ዕቃ ግን አንመክረውም። የአሸዋው ቅንጣት በሙቀት ከሸክላው ይበልጥ እየሰፋና እየጠበበ ግድግዳውን ከውስጥ ያላላዋል።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። 1 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ጀበና 1 ኪሎ ተኩል ያህል ጭቃ ያድቦልቡሉ። በጡጫ መሐሉን ጎድጉደው፣ አንድ እጅ ከውስጥ አንድ እጅ ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን ወደ ላይ ይሳቡት። መዘውር ስለሌለ ዕቃውን ስባሪ ገል ላይ አስቀምጠው ያዙሩት፣ ወይም እርስዎ ይዙሩት። ግድግዳው 6 ሚ.ሜ ያህል ይሁን። ሆዱ እንዳለቀ አንገቱን ወዲያው አይቀጥሉ፤ ለስላሳው ሆድ ክብደቱን ሳይችል ቀርቶ ይንሸዋረራል። ጠፈፍ እስኪል ይጠብቁ፤ ጣት ሲጫኑት ምልክት ይያዝ እንጂ አይጉደጉድ።

የእርስዎ ስህተት ያለው እዚህ ይመስለናል። ሆዱ ከሚገባው በላይ ደርቆ አንገቱ በትኩስ ጭቃ ሲቀጠል፣ አንገቱ ገና ሲኮማተር ሆዱ መኮማተሩን ጨርሷል፤ ሁለቱ የሚላቀቁት ልክ እርስዎ ባዩት መስመር ነው። ሁለቱም ጎኖች እኩል እርጥበት ይኑራቸው። ሁለቱንም በሹካ ወይም በእሾህ ይጫሩ፣ ቀጭን ጭቃ ይቀቡ፣ ይጫኑ፣ ከዚያም ቀጭን የጭቃ ገመድ በመጋጠሚያው ዙሪያ አድርገው በውስጥም በውጭም ይዳምጡት። ለእጀታው ደግሞ መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ሆዱን በእንጨት ብስተው የእጀታውን ጭራ ወደ ውስጥ ያሳልፉት፣ ከውስጥም እንደ ቁልፍ ጠፍጥፈው ይድፈኑት። እንዲህ የተያዘ እጀታ ዕቃው እስኪሰበር አይለቅም።

ያለቀውን ጀበና ለአንድ ሌሊት ላስቲክ አልብሰው ያሳድሩ፤ እርጥበቱ እኩል ይከፋፈላል። ከዚያ ነፋስ በማያገኘው ጥላ ውስጥ በበጋ ከ5 እስከ 8 ቀን፣ በክረምት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ። እጀታው ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃልና እሱን ብቻ በፌስታል ይሸፍኑት። በየቀኑ ይገልብጡት። ፀሐይ ላይ ማውጣት የሚቻለው መልኩ ነጣ ካለ በኋላ ነው። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭዎን ያስነኩት፤ ከቀዘቀዘዎት ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነን፣ በቡድን ሆነን ጀምረናል። መጀመሪያ ያቃጠልናቸው 8 ዕቃዎች 5 ደቂቃ ሳይሞላቸው እየጮኹ ፈነዱ። በሁለተኛው ጊዜ ደኅና ወጡ ብለን ስንደሰት፣ ከሳምንት በኋላ ላያቸው እየተፈነቀለ ከሥሩ ነጭ ነጥብ ይታያል። በአንድ ምክንያት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው እንፋሎት ነው። እጅ ላይ ደረቅ የሚመስል ሸክላ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ከማቃጠል በፊት ማሞቅ የግድ ነው። ትንሽ እሳት አንድደው ዕቃዎቹን አፋቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ከአንድ ክንድ ርቀት ይጀምሩ፣ በየሩብ ሰዓቱ እያዞሩ ያቅርቧቸው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። በእጅ መያዝ ሲያቅትና በላዩ የተንጠባጠበ ውሃ ሲንጫጫ ደርሷል፤ ሳይቀዘቅዝ ወደ ማቃጠያው ይግባ።

ማቃጠያው የግድ ጉድጓድ መሆን የለበትም፣ ከነፋስ የተከለለ ደረቅ መሬት ይበቃል። ከሥር ድንጋይና ስባሪ ገል፣ በላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ኩበት፣ ከዚያ ዕቃዎቹ ተደፍተው። ነበልባል በቀጥታ እንዳይገርፋቸው በትልልቅ ስባሪ ይክበቧቸው፣ በጎንና በላይም አንድ ስንዝር ኩበት፣ ከላይ ጭድ ያልብሱ። ኩበት የሚመረጠው እሳቱ ዝግ ያለና እኩል ስለሆነ ነው። ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ሙቀቱ ፈጣን ነው፤ ወደ መጨረሻው ሙቀት ለመጨመር እንጂ ለመጀመር አይሆንም። እሳቱን ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው በኩል ይለኩሱት፣ ነፋሱን እየተጋፋ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ማታ ማታ ማቃጠል የሚመከረው ቀለሙን ለማየት ነው። ዕቃው ራሱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ሙቀቱ 650 ዲግሪ አልፏል። ሸክላ ዳግም ጭቃ እንዳይሆን የሚለወጠው ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ፣ ቀዩን መልክ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ ክፍተት በታየበት ኩበት እየጨመሩ። ከዚያ አመዱ ውስጥ ይደር። በበነጋታው አንድ ስባሪ ውሃ ውስጥ ያሳድሩ፤ ከላላ ወይም ጭቃ ከሆነ እሳቱ አላደረሰውም። በደንብ የበሰለ ዕቃ ሲያንኳኩት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የነቃው ድምፁ የታፈነ ነው።

ነጩ ነጥብ ደግሞ ኖራ ነው። አፈሩ ውስጥ የነበረ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ኖራ ይሆናል፤ በኋላም ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ያብጥና የላዩን ሸክላ ይፈነቅላል። መፍትሔው አፈሩን በኮምጣጤ መፈተን፣ ከተንቸረቸረም መተው ነው። ሌላ አፈር ከሌለ እጅግ ቀጭን በሆነ ጨርቅ ወይም ወንፊት ያጥልሉት። ቅንጣቱ ዱቄት ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፣ የጤፍ ፍሬ ካከለ ግን አይምርም።

ጥያቄ፦ ጥቁርና አብረቅራቂ የሆነው ጀበና ቀለም ተቀብቶ ነው? ከጎንደር።

መልስ፦ በትክክል ሲሠራ ቀለም የለበትም። ብርሃኑ የሚመጣው ዕቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ደጋግሞ ከማሸት ነው፤ ቅንጣቶቹ ይተኛሉ፣ ላዩም ይጠቀጠቃል። ከደረቀ በኋላ ቢያሹት ይቧጨራል እንጂ አያበራም። ጥቁረቱ ከጭስ ነው። ዕቃው ገና እንደ ፍም ሳለ በረጅም እንጨት ያወጡትና እብቅ ወይም እርጥብ ቅጠል ውስጥ ቀብረው አየር እንዳያገኝ ይሸፍኑታል፤ ከሰሉ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። ቅድም አመድ ውስጥ ይደር ካልነው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ድንገተኛውን ቅዝቃዜ የሚችለው ግን በቂ ገል ያለበትና ግድግዳው እኩል የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። ምጣድ እንዲህ አይወጣም። አየር እያገኘ የተቃጠለው በአፈሩ ውስጥ ባለው ብረት የተነሣ ቀይ ይሆናል።

ገበያ ላይ የጫማ ወይም የዘይት ቀለም የተቀባም ይገኛል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አጥብቀው ይሹት፤ ቀለም ከለቀቀ፣ ወይም ሲሞቅ የቀለም ሽታ ከሰጠ፣ ቡና አያፍሉበት።

ጥያቄ፦ አዲስ ምጣድ ገዝቼ እንጀራው እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ዓይንም አያወጣም። ጥፋቱ የምጣዱ ነው ወይስ የኔ? ከደሴ።

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ምጣዱን ገልብጠው ያንኳኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ላዩም በመዳፍ ሲዳሰስ ሸካራ ካልሆነ፣ የቀረው ማሟሸት ነው። ምጣዱን በዝግታ ግማሽ ሰዓት ያሙቁ። አንድ እፍኝ የተወቀጠ ጎመን ዘር በትነው በማሰሻ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ እስኪጨስ ያሹት፣ ያራግፉት፣ ያቀዝቅዙት። ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ይደጋግሙ። የጎመን ዘሩ ዘይት ቀዳዳዎቹን ሞልቶ እንደ ስስ ሽፋን ይጋገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ቢበላሹ አይዘኑ። ምጣዱን በሳሙና አይጠቡት፤ ሽፋኑም ይሄዳል፣ ሳሙናውም ሸክላው ውስጥ ይቀራል። ዓይን አለማውጣቱ ሊጡ በደንብ ካልኮመጠጠ ወይም ምጣዱ ካልጋለ ነው፤ ላዩ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት።

ራሳቸው ምጣድ መሥራት ለሚፈልጉ አንድ ስሌት እንጨምር። ደርቆ 58 ሳ.ሜ እንዲሆን ከፈለጉና ጭቃዎ በመቶ 8 የሚኮማተር ከሆነ፣ እርጥቡ 63 ሳ.ሜ ይሁን። በ2 ሳ.ሜ ውፍረት 11 ኪሎ ተኩል ያህል ጭቃ ይፈጃል። አመድ የተነሰነሰበት ደልዳላ መሬት ላይ ይጠፍጥፉት፤ አመዱ ምጣዱ ሲኮማተር መሬት እንዳይዘው ያንሸራትተዋል። አመድ የሌለበት ምጣድ መሐሉ ተይዞ ዳሩ ስለሚሸሽ ከመሐል ይሰነጠቃል። ዳሩ ቀድሞ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይክበቡት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሥራውን ከየት ልማር?

መልስ፦ ከሚሠሩት እናቶች። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀጨኔ የታወቀ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። ወደ ጎንደር የሚሄዱ ከሆነም ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ወለቃ አለ፤ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት የኖሩበትና በሸክላ ሥራቸው የታወቁበት ቦታ ነው። ሲሄዱ የማስተማሪያ ዋጋ ይክፈሉ፣ አፈር የሚቆፍሩበትን ቦታም ሳይፈቅዱልዎ አይንኩ። እነዚህ ሴቶች እንጀራችንና ቡናችን የሚያርፍበትን ዕቃ እየሠሩልን በክፉ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በአክብሮት መቅረብ ትንሹ ዕዳችን ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ከአገር ቤት የመጣልኝ ጀበና የመስታወት ምድጃ ላይ በመጀመሪያው ቀን ነቃ። ሌላ ሲመጣልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ምድጃዎ ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል የብረት ዕቃን ብቻ የሚያሞቅ) አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ያ ዓይነቱ ሸክላ አያሞቅም። ተራ የኤሌክትሪክ መስታወት ከሆነ፣ ጀበናው መቀመጫው ክብ ስለሆነ ምድጃውን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ያቺ ነጥብ ስትግል ዙሪያው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይነቃል። ሙቀት የሚያሰራጭ ወፍራም የብረት ሳህን ከሥር ያድርጉ፣ ጀበናውም እንዳይንከባለል ላዩ ላይ የሽቦ ቀለበት ይኑር።

አዲሱን ጀበና ውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ ውሃና የቡና አተላ ጨምረው በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብለው ያፍሉት፣ እዚያው ያቀዝቅዙት። ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። መጀመሪያ ላይ ላዩ ቢያልበው አይደንግጡ፤ አተላው ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ይቆማል። ከሦስተኛው በኋላም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ከውስጥ ነቅቷልና እሳት ላይ አይመልሱት። ባዶውን ምድጃ ላይ አያስቀምጡ፣ በጋለው ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቡና የሚጨምሩት ውሃ ለብ ያለ ይሁን። ሲወርድም የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ማቶት ላይ ይቀመጥ።